የሞላ የሚመስለው ራዲያተር፦ በሞተር ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀር አየርና የሚያስከትለው ጉዳት

በሐምሌ ወር፣ ሠራተኛው ወደ ቤቱ በሚመለስበት ሰዓት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ የሚጓዝ አሽከርካሪ የካፒታል ቤልትዌይን መጨናነቅ በሚገባ ያውቀዋል። መኪኖች የፖቶማክን ወንዝ በዉድሮው ዊልሰን ድልድይ እስኪሻገሩ ድረስ ይቆማሉ፣ ጥቂት ይንፏቀቃሉ፣ እንደገና ይቆማሉ። የአየሩ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ አስፋልቱም ይግላል። አንድ አሽከርካሪ በዚህ መካከል የሙቀት መለኪያው መርፌ በድንገት ወደ ቀይ መስመር ሲወጣ አየ እንበል። ነገሩ ግራ ያጋባዋል። ያረጀውን የራዲያተር ቱቦ ያስለወጠው ትናንት ነው፤ ኩላንቱም እስከ አፉ ተሞልቶ ክዳኑ ተዘግቷል። ታዲያ ምን ጎደለ?

ብዙ ጊዜ መልሱ የጎደለ ነገር ሳይሆን የተረፈ ነገር ነው፤ ይኸውም አየር ነው። ቱቦ፣ ቴርሞስታት፣ የውሃ ፓምፕ ወይም ራዲያተር ሲለወጥ ፈሳሹ ወጥቶ በቦታው አየር ይገባል። አዲስ ኩላንት ሲሞላ አየሩ ሁሉ በራሱ መንገድ አግኝቶ አይወጣም። ራዲያተሩ ሞላ ማለት ሞተሩ ውስጥ ያለው ክፍተት ሁሉ ሞላ ማለት አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢ በታክሲና በስልክ መተግበሪያ በሚጠሩ መኪኖች ለሚተዳደሩ በርካታ ወገኖቻችን ይህ ልዩነት የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው።

አየር ለምን ጠላት ሆነ?

በሲሊንደሮች ውስጥ ነዳጅ በሚቃጠልበት ቅጽበት የጋዙ ሙቀት ከ2,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ከዚህ ሙቀት ከፊሉ መኪናውን ይገፋል፤ ከፊሉ ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ ቀሪውን ጉልህ ድርሻ ግን ኩላንቱ ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ ማድረስ አለበት። ለዚህ ሥራ ፈሳሽና አየር ፈጽሞ አይመጣጠኑም። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚሸከመው የሙቀት መጠን፣ አንድ ሊትር አየር ከሚሸከመው ከ3,000 እጥፍ በላይ ነው።

አየሩ የሚጎዳው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ የውሃ ፓምፑ የተሠራው ፈሳሽ ለመወርወር ስለሆነ የአየር ቋት ሲገባበት ምላጮቹ በከንቱ ይሽከረከራሉ፤ ዝውውሩም ይዳከማል። ሁለተኛ፣ አየር ቀላል በመሆኑ ወደ ከፍተኛው ቦታ ይወጣል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ የሞተሩ ራስ፣ መካኒኮች ቴስታታ የሚሉት ክፍል፣ ወይም የተሳፋሪ ክፍል ማሞቂያው ነው። ቴስታታው ፈሳሽ ባልነካው ቦታ ላይ ብቻ ከልክ በላይ ይግላል። የአብዛኞቹ ዘመናዊ ሞተሮች ቴስታታ ከአልሙኒየም የተሠራ ሲሆን አልሙኒየም በሙቀት ከብረት በእጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ስለዚህ አንዱ ወገን ግሎ ሌላው ሲበርድ ቴስታታው ይጣመማል፤ ከሥሩ ያለው ጋስኬትም ይበላሻል።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ነው። የሙቀት መለኪያው ትክክለኛ ንባብ የሚሰጠው በፈሳሽ ውስጥ ሲጠልቅ ነው። ዙሪያውን አየር ከከበበው ሞተሩ እየጋለ ሳለ ዝቅተኛ ሙቀት ሊያሳይ ይችላል። በዚህ ላይ የብዙ መኪኖች መርፌ በሰፊ የሙቀት ክልል ውስጥ መሐል ላይ ቆሞ እንዲቆይ ተደርጎ የተሠራ ነው። አሽከርካሪው መርፌው ሲነሣ ባየ ጊዜ ጉዳቱ ቀድሞ ደርሶ ሊሆን ይችላል።

ክዳኑ፣ ግፊቱና የአዲስ አበባ ከፍታ

የራዲያተር ክዳን መክደኛ ብቻ አይደለም። በተለመደው ክዳን አማካይነት በሥርዓቱ ውስጥ አንድ የባሕር ጠለል የአየር ግፊት ያህል ተጨማሪ ግፊት ይጠራቀማል። ግማሽ ውሃና ግማሽ አንቲፍሪዝ የሆነ ቅልቅል በባሕር ጠለል ላይ ያለ ግፊት በ106 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ፣ በዚህ ግፊት ሥር ግን እስከ 129 ዲግሪ ገደማ ይታገሣል። በዋሽንግተን ክረምትም ያው ቅልቅል ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ገደማ ሳይረጋ ይቆያል።

ይህ ትምህርት አገር ቤት ላሉ አሽከርካሪዎች ይበልጥ ይጠቅማል። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ብዙ ቴርሞስታቶች የሚከፈቱት ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። ስለዚህ ክዳኑ የሚያፈስና ንጹሕ ውሃ ብቻ የተሞላ መኪና ከመፍላት የሚለየው የጥቂት ዲግሪዎች ርቀት ነው። ጭኖ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲወጣ ያ ርቀት በቀላሉ ያልቃል። ውሃው ሲፈላም እንፋሎቱ ራሱ እንደ ተደበቀ አየር ሆኖ ዝውውሩን ያቋርጣል።

ምልክቶቹ

ከዳሽቦርዱ ጀርባ የሚሰማ የውሃ መንኳኳት ድምፅ፣ መኪናው በሚኒሞ ሲቆም ቀዝቃዛ፣ ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ ሙቅ አየር የሚነፍስ ማሞቂያ፣ ያለምክንያት የሚወጣና የሚወርድ መርፌ፣ እንዲሁም ከጥገና በኋላ በድንገት የሚቀንስ የኩላንት መጠን የተቀመጠ አየር ምልክቶች ናቸው።

አየሩ እንዴት ይወጣል?

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው። የጋለ ራዲያተር ክዳን መክፈት እጅግ አደገኛ ነው፤ ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ ከመቶ ዲግሪ በላይ የነበረው ፈሳሽ በቅጽበት ፈልቶ ፊትንና እጅን ያቃጥላል።

መኪናው አፍንጫው ወደ ላይ ባዘነበለ ቦታ ይቆማል፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል፤ ጎማዎቹም ይታገዳሉ። ዓላማው የመሙያው አፍ ከሥርዓቱ ሁሉ ከፍ ያለ ቦታ እንዲሆን ነው። አምራቹ ያዘዘው ዓይነት ኩላንት ቀስ ተብሎ ይሞላል። የአየር ማስወጫ ብሎን ያለው መኪና ከሆነ ብሎኑ ላልቶ አረፋ የሌለበት ፈሳሽ እስኪወጣ ይጠበቅና ይጠበቃል የተባለውን ያህል ይታሰራል። ከዚያም ማሞቂያው በከፍተኛ ሙቀት ላይ ተደርጎ ሞተሩ ይነሣል። ቴርሞስታቱ ሲከፈት የላይኛው ቱቦ ይሞቃል፤ ተሸሽጎ የነበረው አየርም በመሙያው በኩል አረፋ እየሆነ ይወጣል። ፈሳሹ ሲወርድ ይሞላል። አረፋው ሲያቆምና ማሞቂያው ሳይቋረጥ ሲያሞቅ ክዳኑ ይዘጋል። በማግስቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ መጠኑን እንደገና ማየት የሥራው የመጨረሻ ክፍል እንጂ ትርፍ ድካም አይደለም።

ለአንዳንድ መኪኖች ይህ ዘዴ አይበቃም። በአሽከርካሪዎች ዘንድ የተወደደችው ቶዮታ ፕሪየስ ለዚህ ምሳሌ ናት። ሦስተኛው ትውልዷ የውሃ ፓምፑን የሚያሽከረክረው በቀበቶ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ነው፤ የኃይል መለወጫዋም የራሱ የተለየ የማቀዝቀዣ መስመር አለው። ስለዚህ የመኪናውን የጥገና መመሪያ መከተል ግድ ይላል። በሚገባ የተደራጁ ጋራዦች በቅድሚያ አየሩን ከሥርዓቱ መጥጠው ባዶ ካደረጉ በኋላ ኩላንቱ በራሱ እንዲሳብ የሚያደርግ መሣሪያ ይጠቀማሉ። መሣሪያው የሚያፈስ ቦታ ካለም አስቀድሞ ያጋልጣል።

አረፋው ካላቆመ

ተደጋግሞ ቢወጣም አየሩ የሚመለስ ከሆነ ጥያቄው መለወጥ አለበት። ምናልባት የሚወጣው ከውጭ የገባ አየር ሳይሆን በተበላሸ ጋስኬት በኩል የሚያልፍ የቃጠሎ ጋዝ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለይ ቀላል ምርመራ አለ። ከራዲያተሩ የሚወጣው ጋዝ በሰማያዊ መመርመሪያ ፈሳሽ ውስጥ እንዲያልፍ ሲደረግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካለበት ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ያን ጊዜ ኩላንት መጨመር መፍትሔ አይሆንም።

የተደፋ ኩላንትም ችላ አይባልም። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ሆኖ መርዛማ ስለሆነ ሕፃናትና የቤት እንስሳት እንዳይቀምሱት ወዲያው መጠረግ አለበት። አሮጌው በጎርፍ መውረጃ አይደፋም፤ የሞንትጎመሪ ካውንቲም ሆነ የአሌክሳንድሪያ ከተማ አደገኛ የቤት ውስጥ ቆሻሻ የሚረከቡባቸው ጣቢያዎች አሏቸው።

በድልድዩ ላይ መርፌው የተነሣበት አሽከርካሪያችንስ? አየር ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈት፤ ይህ ከሞተሩ ጥቂት ሙቀት ይቀንሳል። መርፌው ካልወረደ ግን ደኅና ቦታ ላይ ቆሞ ሞተሩን ያጥፋ፤ ክዳኑንም አይንካ። በዚያ ዕለት የሚቀርበት የአንድ ቀን ገቢ ነው፤ «ትንሽ ልግፋበት» ካለ ግን ሞተሩን ሊያጣ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።