መሰኪያውን ሳትነቅሉ ‹ሰርቨሩን ጭኜ ጨረስኩ› አትበሉ

መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2025) ሌሊት፣ በምዕራብ ለንደን ሄይስ በሚባለው ሰፈር ያለው የኖርዝ ሃይድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ በእሳት ተያያዘ። በማግስቱ የሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ምሽት ድረስ ተዘግቶ ዋለ። ከ1,300 በላይ በረራዎች ተስተጓጎሉ። ከዜናው ሁሉ እኔን የያዘኝ አንድ ነገር ነው፦ ሂትሮው ኃይል የሚያገኘው ከሦስት ጣቢያዎች ሲሆን የቀሩት ሁለቱ በቂ ኃይል ነበራቸው። ቀኑን የበላው መስመሩን ወደ እነሱ ማዞሩ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሲስተሞችን በጥንቃቄ አጥፍቶ እንደገና ማስነሳቱና መፈተሹ ነበር።

መብራት መምጣቱ አንድ ነገር ነው፤ ማሽኑ መነሳቱ ሌላ። ይህን ከሂትሮው በፊት ያስተማረኝ በሰሜን ወሎ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የነበረ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ዛሬ የምጽፈው ብቻውን በሚቆም ኮምፒውተር ላይ የሊኑክስ ሰርቨር ስለመጫን ነው። ብቻውን ስል ኢንተርኔት፣ ሞኒተር፣ ኪቦርድም ሆነ አጠገቡ ባለሙያ የሌለው ማለቴ ነው።

የመጀመሪያው ማሽን ለምን ሞተ?

ከኢንተርኔት ውጪ የሚሠራ ሰርቨር ለምን እንደሚያስፈልግ ለአገር ቤት አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቶ ነበር። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። ስለዚህ አንድ ሚኒ ፒሲ ላይ ኡቡንቱ ሰርቨር ጫንኩ፤ ኪዊክስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የአማርኛና የእንግሊዝኛ ዊኪፔዲያን ከነ መማሪያ መጻሕፍት አስገባሁና ላክሁት። ተማሪዎቹ በትምህርት ቤቱ ዋይፋይ ገብተው ያነቡ ነበር። ሁለት ወር ሠራ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቆመ። የኮምፒውተር መምህሩ ጋ ደወልኩ።

«መምህር፣ መብራት ሲመጣ ማሽኑ ምን ያደርጋል?»

«ድምፁ ይሰማል፤ ግን ገጹ አይከፈትም። እኔም አጥፍቼ መልሼ አበራዋለሁ።»

«ስንት ደቂቃ ጠብቀው ነው የሚያጠፉት?»

«አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ወንድሜ። ከዚያ በላይ ምን ይጠበቃል? ልጆቹ በር ላይ ቆመዋል።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ኡቡንቱ ሰርቨር ሲነሳ ኔትወርክ እስኪያገኝ እስከ 2 ደቂቃ ይጠብቃል። በዳታ ሴንተር ውስጥ ይህ ትክክል ነው። እዚያ ግን ራውተሩ ያለው በሌላ ክፍል ነው፤ መብራት ሲመጣ የሚያበራው ሰው ቁልፍ ይዞ እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል። መምህሩ በአንደኛው ደቂቃ አጠፉት። ቡት ሳይጨርስ የጠፋ ኡቡንቱ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ የግራብ ሜኑ ላይ 30 ሰከንድ ይቆማል። አሁንም ዘገየ፤ አሁንም ጠፋ። ይህ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም በመጨረሻ የዲስኩ ፋይል ሲስተም ተበላሸ። ማሽኑ ‹ልጠግነው ወይ?› ብሎ መልስ የሚጠብቅ ጥቁር ገጽ ላይ ቆመ። ጥያቄውን የሚያሳይ ሞኒተር፣ መልሱን የሚጽፍ ኪቦርድ አልነበረውም።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ለንደን ቤቴ ራውተሩ ጠፍቶ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ ኬብሉን ነቅዬ ‹አሁንስ ምን ታደርጋለህ?› አላልኩትም።

ሁለተኛው ማሽን፦ ምን መረጥኩ?

በዚህኛው ዙር ዴቢያን 13ን መረጥኩ። የወጣው ነሐሴ 3 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2025) ነው። ኡቡንቱ ራሱ የተሠራው በዴቢያን ላይ ስለሆነ ትዕዛዞቹ ብዙም አይለያዩም። ምክንያቶቼ ሁለት ናቸው።

አንደኛው የመጫኛ ፋይሉ ነው። ዴቢያን ‹ኔትኢንስት› የሚባል ትንሽ ፋይል አለው፤ መሠረታዊውን ብቻ ይዞ የቀረውን ከኢንተርኔት ያወርዳል። ብዙ ሰው የሚያወርደው ይህን ስለሆነ ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። የሚያስፈልጋችሁ ‹ዲቪዲ 1› የሚለው፣ 4 ጊጋባይት ገደማ የሆነው ነው። ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። የዴቢያን መጫኛ አማርኛ ያውቃል። ነገር ግን አማርኛውን የምታገኙት ‹ግራፊካል ኢንስቶል› የሚለውን ስትመርጡ ብቻ ነው፤ በጽሑፍ ብቻ በሚሠራው መጫኛ ዝርዝር ውስጥ አይታይም። አንዳንድ ገጽ ላይ እንግሊዝኛው ብቅ ይላል። ቢሆንም መምህሩ አንድ ቀን ራሳቸው እንደገና መጫን ቢኖርባቸው ከምንም ይሻላል።

ማሽናችሁ የቆየ ባለ 32 ቢት ከሆነ ዴቢያን 13 መጫኛ አላዘጋጀለትም፤ 12ን ተጠቀሙ።

አጫጫኑ

ፍላሹን በሩፈስ ወይም በባሌና ኤቸር አዘጋጁ። ከዚያ በፊት የወረደው ፋይል ‹ቼክሰም› ዴቢያን ካወጣው ቁጥር ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። የተበላሸ ፋይል ለንደን ውስጥ የሃያ ደቂቃ ጉዳይ ነው፤ ወሎ ውስጥ ግን ማሽኑን ያስቀራል።

መጫኛውን ከመክፈታችሁ በፊት ባዮስ ውስጥ ግቡ። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ የሚወስን ቦታ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ምርጫ ይሰጣል፦ ጠፍቶ ይቆይ፣ ይብራ፣ ወደነበረበት ይመለስ። ‹ይብራ› የሚለውን ምረጡ። ‹ወደነበረበት› የሚለው ጥሩ ይመስላል፤ ግን አንድ ሰው በእጁ ካጠፋው በኋላ መብራት ሄዶ ቢመጣ ጠፍቶ ይቀራል። ኪቦርድ ከሌለ አልነሳም የሚል ባዮስ ካላችሁ ያንንም እዚያው አጥፉት።

መጫኛው ውስጥ ቀላሉን በፍጥነት ልለፈው። ዲስኩን ሙሉ በሙሉ እንዲጠቀም፣ ሁሉም በአንድ ፓርቲሽን እንዲሆን ምረጡ፤ በዲስኩ ላይ የነበረው ይጠፋል። የሩት ፓስወርዱን ባዶ ከተዋችሁት የመጀመሪያው ተጠቃሚ የሱዶ መብት ያገኛል። የሚጫኑ ፕሮግራሞች ዝርዝር ሲመጣ የዴስክቶፑን ምልክት አንሱ፤ ‹ኤስኤስኤች ሰርቨር› እና መደበኛ መሣሪያዎች የሚሉትን ብቻ ተዉ።

ሁለት ቦታ ላይ ግን ቆም በሉ።

የመጀመሪያው ዲስክን ማመስጠር ነው። ለላፕቶፕ ሁልጊዜ እመክረዋለሁ። ብቻውን ለሚቆም ሰርቨር ግን በተነሳ ቁጥር ፓስወርድ ይጠይቃል፤ የሚጽፍለት ሰው የለም። የያዘው ዊኪፔዲያና የትምህርት መጻሕፍት ከሆነ ተዉት። የተማሪዎችን ውጤት የሚይዝ ቢሆን ኖሮ ሌላ ውይይት ያስፈልገን ነበር።

ሁለተኛው ኔትወርክ ነው። አድራሻውን ከራውተር እንዲጠብቅ አታድርጉ፤ ቋሚ አድራሻ ስጡት። የእኔን 192.168.50.2 አልኩት፤ ራውተሩንም በዚያው መስመር አስተካከልኩት። ኡቡንቱ የምትጠቀሙ ደግሞ በኔትፕላን ፋይሉ ውስጥ የኔትወርክ ካርዱን ‹ኦፕሽናል› በሉት፤ ያ የ2 ደቂቃ ጥበቃ ይቀራል።

ሰዓት እና ፊደል

ኢንተርኔት የሌለው ሰርቨር ሰዓቱን የሚጠይቀው የለም። ያለው ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ‹ሲአር 2032› የምትባል የሳንቲም ባትሪ ብቻ ናት። አሮጌ ማሽን ከገዛችሁ ባትሪዋን ለውጡ። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጉ፤ የማዘርቦርዱ ሰዓት ግን በዩቲሲ ይሁን። ለንደን በበጋ አንድ ሰዓት ስለምትጨምር እዚህ የተስተካከለ ማሽን እዚያ ሲደርስ የሚሳሳተው በዚህ ነው። ለመምህሩም ማሽኑ 08:00 ሲል ‹ሁለት ሰዓት› ማለቱ እንደሆነ ጽፌላቸዋለሁ።

አማርኛን በተመለከተ፣ ‹ሎኬል› የሚባለውን የኢትዮጵያ አማርኛ ማድረግ ይቻላል። መስከረም፣ ጥቅምት እንዳትጠብቁ፤ የአውሮፓውያኑን ወሮች ነው በእኛ ፊደል ‹ጃንዩወሪ› ብሎ የሚጽፈው። እኔ ሲስተሙን በእንግሊዝኛ ትቼዋለሁ፤ የስህተት መልእክት ፎቶ አንስተው ሲልኩልኝ ፍለጋው ይቀላል። ሞኒተር ስትሰኩ ግን የአማርኛ ፋይል ስሞች ሳጥን ሳጥን ሆነው ይታያሉ። የሊኑክስ ጥቁር ገጽ በአንድ ጊዜ ከ512 በላይ ቅርጾች መያዝ አይችልም፤ ስለዚህ ለግዕዝ ፊደል የተለየ ፎንት ይፈልጋል። ይህም ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፦ የኮንሶል ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ የኢትዮጵያን ፊደል ስትመርጡ ‹ጎሃ› የሚባለውን ፎንት ታገኛላችሁ።

አሁን መሰኪያውን ንቀሉት

ጥቁሩ ገጽ ላይ ‹ሎግኢን› የሚለው ቃል ሲመጣ ብዙዎቻችን እናጨበጭባለን። እኔ ግን ሥራውን የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሞኒተሩን፣ ኪቦርዱንና የኔትወርክ ኬብሉን ነቀልኩ። ከዚያ የኃይል መሰኪያውን ማሽኑ እየሠራ ሳለ ነቀልኩ። አንድ ደቂቃ ጠብቄ ሰካሁት፤ ሰዓትም ያዝኩ።

በመጀመሪያው ሙከራ ማሽኑ ተነሳ፤ ኪዊክስ ግን አልተነሳም። ፕሮግራሙን በእጄ አስነስቼው ነበር እንጂ ከማሽኑ ጋር እንዲነሳ አላዘዝኩትም። ‹ስታርት› ያልነው ለዛሬ ነው፤ ‹ኢኔብል› ያልነው ነው ለነገ የሚሠራው። አስተካከልኩ፤ ከወደቀም ራሱን እንዲያስነሳ አደረግሁ።

በሁለተኛው ሙከራ ፋይል እየተገለበጠ ሳለ ነቀልኩት። ተነሳ። ዲስኩ ላይ ችግር ቢገኝ ሰው ሳይጠይቅ ራሱ እንዲጠግን በግራብ በኩል ትዕዛዝ ጨመርኩለት። ይህ መጠነኛ አደጋ አለው፤ ጥገናው አንዳንድ ፋይል ሊያጠፋ ይችላል። የመጻሕፍቱ ቅጂ በሌላ ፍላሽ ስላለ፣ መልስ እየጠበቀ ተገትሮ ከሚቀር ይሻላል ብዬ ወሰንኩ።

በሦስተኛው ራውተሩን አጥፍቼ ማሽኑን አስነሳሁ፤ ከአስር ደቂቃ በኋላ ራውተሩን አበራሁ። ገጹ በስልኬ ተከፈተ። በአራተኛው አምስት ጊዜ በተከታታይ፣ ቡት ሳይጨርስ እየነቀልኩ ሰካሁት፤ ልክ መምህሩ እንዳደረጉት። በስድስተኛው ተውኩት። ተነሳ።

ተርሚናል 2

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሂትሮው የሚነሳው ከተርሚናል 2 ነው። ማሽኑን ይዘው የሚሄዱት ወደ ደሴ ለክረምት የሚመለሱ እናት ነበሩ። እንዲህ ያለ እቃ ለሰው የምታስይዙ ከሆነ አሽጋችሁ አትስጡ። እኔ ካርቶኑን ፊታቸው ከፍቼ፣ ምን እንደሆነ አሳይቼ፣ ‹ከጠየቁዎት ይህን ይበሉ› ብዬ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጻፍኩላቸው። መብራት ሲጠፋ የሚያቆየውን ዩፒኤስ አልላክሁም፤ ባትሪው በአውሮፕላን ጣጣ ስላለው አዲስ አበባ እንዲገዛ አደረግሁ። ትርፍ የሊቲየም ባትሪም በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

ከማሽኑ ጋር የዴቢያኑን ፍላሽ፣ የመጻሕፍቱን ቅጂና በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ አለ። ክዳኑ ላይ ደግሞ ትልቅ ወረቀት ለጥፌያለሁ፦ ‹መብራት ሲመጣ አይንኩት፤ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ።›

ከሁለት ሳምንት በኋላ መምህሩ ደወሉ።

«ትናንት መብራት አራት ጊዜ ሄዶ መጣ።»

«እና ምን አደረጉ፣ መምህር?»

«ወረቀቱ አትንካ ይላል፤ አልነካሁም። ከክፍል ስመለስ ልጆቹ ከፍተው እያነበቡ ነው።»