የአሮጌ ቮልስ ማርሽ አልገባ ሲል

በአዲስ አበባ ጎዳና ድምፅዋ ከሩቅ የምትለየው፣ ሽማግሌውም ወጣቱም በአጭር ቃል «ቮልስ» የሚላት የጀርመን መኪና፣ መሐንዲሱ ፈርዲናንድ ፖርሸ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከነደፋት ጀምሮ የመጨረሻይቱ በ2003 በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከፋብሪካ እስከ ወጣችበት ቀን ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራች ስትሆን፣ በእኛም ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በእርስዋ ነበርና። እኔ ግን ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ስለ ዝናዋ ሳይሆን ስለ ደዌዋ፣ ከደዌዋም ባለቤቶቿን አብዝቶ ስለሚያስመርረው፣ ማርሽ አልገባም ስለማለቷ ለመጻፍ ነው።

ሞተሩም ካምቢዮውም ከኋላ፣ ነጂው ደግሞ ከፊት የሚቀመጡ በመሆናቸው፣ እጅ ያዘዘው ትእዛዝ ወደ ካምቢዮው የሚደርሰው፣ በወለሉ መካከል እንደ ጀርባ አጥንት ጎበጥ ብሎ በሚታየው ብረት ውስጥ ተሰውሮ በሚያልፍ አንድ ረጅም ዘንግ አማካይነት ነው። ይህን መንገድ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ብንመስለው፣ የማርሽ መቀየሪያው ያለበት ስፍራ ቅኔ ማኅሌት፣ ከኋላው ወንበር ሥር የተሸሸገው የዘንጉ መጋጠሚያ ቅድስት፣ ካምቢዮው ራሱ መቅደስ ይሆናል፤ ወደ መቅደስም ማንም እንደ ልቡ ዘው አይልም። በየጋራዡ የማየው ስሕተት ግን ይኸው ነው፤ ማርሽ ባስቸገረ ቁጥር አስቀድሞ የሚከሰሰው ካምቢዮው ነው።

የእኔዋ ቮልስ መቀየሪያዋ በድስት ውስጥ እንዳለ ማማሰያ መዋለል በጀመረ ጊዜ፣ አንድ መካኒክ ገና ከበሩ ሳያልፍ «ካምቢዮው ይውረድ» ብሎ ፈረደ። ሥራውን በሚያውቁ አንድ አዛውንት ዘንድ ብወስዳት፣ የኋላውን ወንበር አንሥተው፣ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ክዳን ፈትተው፣ በባትሪ ብርሃን ካሳዩኝ በኋላ፣ የተሰባበረችውን፣ ቦኮላ የሚሏትን ማቀፊያ ቀለበት ፍርፋሪ በጣታቸው አንሥተው በመዳፌ ላይ አኖሩልኝና «ልጄ፣ ካምቢዮህ ጤነኛ ነው» አሉኝ። ቦኮላዋን ተክተው፣ መጋጠሚያውን ከዘንጉ ጋር የምታስረውን ብሎን አጥብቀው፣ በንዝረት እንዳትፈታ አናቷን በቀጭን ሽቦ ጠምዝዘው አሰሩ፤ እርስዋ ከተፈታች መኪናው በነበረበት ማርሽ ላይ ቀርቶ መንገድ ላይ ይገተራልና።

ደዌው በየትኛው ክፍል እንዳለ የሚለይ ቀላል ፈተና አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ማርሾቹ ሁሉ በሰላም እየገቡ፣ ሞተሩ ሲነሣ ግን አንደኛውና የኋላው ማርሽ የሚያንቋርሩ ወይም እምቢ የሚሉ ከሆነ፣ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የማይለቀው ፍሪሲዮን ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶም ማርሹ አልገባም ካለ፣ ነገሩ በዘንጉ መንገድ ላይ ነው። ፍሪሲዮኑን የሚጎትተው የሽቦ ገመድ ከዕድሜ ብዛት ስለሚረዝም፣ ፔዳሉ ሳይሠራ የሚሄደው ባዶ ርቀት ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር እንዲሆን፣ በካምቢዮው ጎን ባለችው ክንፍ ባላት ዳዶ ይስተካከላል። ከመቀየሪያው ሥር ያለችው ቀጭን ማገጃ ሰሌዳ ደግሞ ከስፍራዋ ፈቀቅ ካለች፣ ነጂው ሁለተኛን ሲሻ ጎረቤቱ የሆነውን የኋላውን ማርሽ ያገኛል፤ ይህም ያስደነግጣል እንጂ ሁለቱን ብሎኖች አላልቶ በማስተካከል የሚድን ነው።

ማርሹ ገብቶ፣ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ በራሱ ጊዜ የሚወጣ ከሆነ፣ ካምቢዮውን የሚያቅፉት ጎማዎች ከብረታቸው ተላቅቀው እንደሆነ አስቀድሞ ማየት ይገባል።

በመቅደሱ ውስጥ እውነተኛ ሕመም የሚገኝበት ጊዜም አለ። መኪናው እየሄደ አንድ ማርሽ ብቻ ለይቶ የሚያንቋርር ከሆነ፣ የማርሾቹን ፍጥነት የሚያስማማው የነሐስ ቀለበት አልቋል ማለት ነው። ሆኖም ሕመምና ተፈጥሮ ሊለዩ ይገባል፤ ይህ ማስማሚያ በዴሉክሱ ቮልስ በሁለተኛ፣ በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽ የገባው በ1952፣ በአንደኛው ማርሽ ደግሞ በ1961 ሞዴል (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ነውና፣ ከዚያ በፊት የተሠራችው መኪና እየሄደች አንደኛ ሲገባባት ብትጮህ ልማዷ ነው፤ ፈጽማ እስክትቆም መጠበቅ ነው። ዘይቱ ሲቀዳ የመፍሰሻው መክደኛ ማግኔት የሰበሰበው ብረት እንደ አመድ የደቀቀ ከሆነ የተለመደ መፋቅ ነው፤ ስለታም ቅርፊትና የጥርስ ስባሪ ከታየበት ግን ካምቢዮው መውረዱ የማይቀር ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ «ካምቢዮው ይውረድ» የሚል ባለሙያ ቢያጋጥምህ፣ አስቀድሞ የኋላውን ወንበር እንዲያነሣልህ ለምነው፤ ያችን ትንሽ ክዳን የያዛት አንድ ብሎን ብቻ ነው።