ከአየር የተገኘ እንጀራ
ስለ ኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነትና ሚዛን

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ያገራችን ተረት የተነገረው ስለ ሰው ጠባይ ነው። ይሁን እንጂ ኬሚስትሪ የሚማር ተማሪ ይህን ተረት በደብተሩ ራስጌ ቢጽፈው ይጠቀምበታል እንጂ አይጎዳበትም። በዚህ ትምህርት ውስጥ ብዙዎችን የሚያደናግሩ ሁለት ጥያቄዎች አሉና። አንደኛው፤ አንድ ለውጥ ምን ያህል ይፈጥናል? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፤ ለውጡ እስከ የት ድረስ ይሄዳል? የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ጎረቤታሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ልዩነታቸውን ለማስረዳት የአሞንያን ታሪክ መርጠናል፤ አሞንያ ለዓለም ሕዝብ እንጀራም ፈንጂም የሆነ ነገር ነውና። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ፍጥነት እንናገር። የጤፍ ሊጥ እርሾ ከገባበት በኋላ በቆላ አገር ቶሎ ይቦካል፤ በደጋ አገር ግን ይዘገያል። ባለሙያዪቱ በብርድ ወራት ቡሃቃውን ሞቅ ካለ ቦታ የምታስቀምጠው ስለዚህ ነው። ሊጡን የሚያቦኩት ረቂቃን ነፍሳት የሚሠሩት ሥራ ኬሚካዊ ለውጥ ነው፤ ሙቀትም ያፋጥነዋል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሁለት ነገሮች ተዋሕደው ሌላ ነገር እንዲወጣቸው ሞለኪውሎቻቸው መጋጨት አለባቸው። መጋጨት ብቻም አይበቃም፤ የነበረውን ማሠሪያ ለመበጠስ የሚበቃ ኀይል ይዘው መጋጨት ይገባቸዋል። ይህ መሰናክል በመንገድ ላይ እንደ ቆመ ተራራ ነው። ሙቀት በተጨመረ ቁጥር ተራራውን ለመሻገር ጉልበት ያላቸው ሞለኪውሎች ይበዛሉ፤ ይህንንም ስዊድናዊው ሊቅ ስቫንቴ አሬኒዩስ በ1889 በሒሳብ ገልጾታል። ሌላም ዘዴ አለ፤ ይኸውም ካታሊስት የሚባለው ነው። ካታሊስት ተራራውን አይንደውም፤ ዝቅ ባለ በር የሚያሳልፍ ሌላ መንገድ ይከፍታል እንጂ። ሥራውም ሲፈጸም ራሱ ሳያልቅ ይገኛል።

ስለ ሚዛን ደግሞ የአምቦን ውሃ እንመልከት። ክዳኑ ባልተነሣ ጠርሙስ ውስጥ ውሃው ጸጥ ብሎ የተኛ ይመስላል። ነገር ግን በዓይን የማይታይ ሥራ አለ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ከውሃው እየወጣ ከላይ ወዳለው ባዶ ቦታ ይሄዳል፤ ያንኑ ያህል ጋዝ ደግሞ ተመልሶ ወደ ውሃው ይገባል። የወጪውና የገቢው ፍጥነት እኩል በሆነ ጊዜ፤ ነገሩ ሚዛን ላይ ደረሰ እንላለን። በአንድ ሰዓት መቶ ሰው ገብቶበት መቶ ሰው የወጣበት ገበያ፤ ሰዎቹ ቢለዋወጡም ብዛቱ እንደማይለወጥ ማለት ነው። ስለዚህ ሚዛን ማለት ሥራ መፍታት አይደለም። ኬሚካዊ ለውጥም እንዲሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድ መሆኑን የኖርዌይ ሰዎች የሆኑት ጉልድበርግና ዋገ በ1864 በሕግ መልክ አስረዱ። ፈረንሳዊው ሄንሪ ለ ሻትልየ ደግሞ በ1884 የሚከተለውን ደንብ አወጣ፤ በሚዛን ላይ ያለን ነገር ብትጫነው፤ ጭነቱን ለማቃለል ወደሚያስችለው ወገን ያዘነብላል። የአምቦ ውሃ ክዳን ሲነሣ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ጋዙም የጎደለውን ግፊት ለመሙላት ከውሃው እየፈላ ይወጣል።

እንግዲህ ወደ አሞንያ እንመለስ። በ1898 እንግሊዛዊው ሊቅ ዊሊያም ክሩክስ በብሪስቶል ከተማ በተደረገ የሊቃውንት ጉባኤ ላይ አንድ የሚያስደነግጥ ንግግር አደረገ። የአውሮፓ እርሻ የሚዳብረው ከቺሌ ምድረ በዳ ተቆፍሮ በሚመጣ የናይትሬት ጨው ነው፤ ጨውም ያልቃል፤ ያን ጊዜ ስንዴ ለሚበላው ሕዝብ ምን እናቀርብለታለን? አለ። ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው፤ ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78 እጅ ናይትሮጅን መሆኑ ነው። ነገር ግን የናይትሮጅን ሁለት አቶሞች በሦስት ማሠሪያ የተያያዙ ስለ ሆኑ፤ ተክል በቀጥታ ሊመገባቸው አይችልም። በሀብት መካከል ተቀምጦ መራብ ማለት ይህ ነው።

መፍትሔው በወረቀት ላይ ቀላል ነበር። አንድ እጅ ናይትሮጅንና ሦስት እጅ ሃይድሮጅን ቢዋሐዱ ሁለት እጅ አሞንያ ይወጣል። እዚህ ላይ ተማሪው ሁለት ነገር ያስተውል። አንደኛ፤ አራት እጅ ጋዝ ወደ ሁለት እጅ ይቀንሳል። ስለዚህ በለ ሻትልየ ደንብ መሠረት ግፊት ሲበዛ አሞንያው ይበዛል። ሁለተኛ፤ በዚህ ለውጥ ሙቀት ይወጣል። ስለዚህ ሙቀት ሲጨመር ሚዛኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አሞንያውም ይፈርሳል። በ200 አትሞስፌር ግፊት፤ ሙቀቱ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ሚዛኑ ላይ ከመቶው 86 ያህል አሞንያ ነው። በ400 ዲግሪ ወደ 36 ይወርዳል፤ በ600 ዲግሪ ደግሞ 8 ያህል ብቻ ይቀራል። ታዲያ ለምን በ200 ዲግሪ አንሠራም? የሚል ተማሪ ይኖራል። መልሱ፤ በዚያ ሙቀት ለውጡ እጅግ ከመዘግየቱ የተነሣ ለፋብሪካ ሥራ የማይጠቅም መሆኑ ነው። ፍጥነት ሙቀትን ይለምናል፤ ሚዛን ደግሞ ቅዝቃዜን ይለምናል። ችግሩ ሁሉ ያለው በዚህ ላይ ነው።

ለ ሻትልየ ራሱ በ1901 ሙከራውን ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን በመሣሪያው ውስጥ አየር ገብቶ ስለ ፈነዳበት ተወው። ከእርሱ በኋላ የተነሣው በካርልስሩኸ ከተማ ያስተምር የነበረው ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሀበር ነው። የመጀመሪያው ምርመራው በ1000 ዲግሪ ሙቀት ነበርና ያገኘው አሞንያ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ፤ እጅግ ኢምንት ነበር። በ1907 ደግሞ ታላቁ ሊቅ ዋልተር ኔርንስት ቍጥርህ ስሕተት ነው ብሎ በጉባኤ ላይ ተቸው። ሀበር ግን ከዚያ በኋላ ሥራውን አጠበቀ እንጂ አልተወም። ከረዳቱ ከሮበርት ለ ሮሲኞል ጋር ከፍተኛ ግፊት የሚችል መሣሪያ ሠርተው፤ ኦስምየም የሚባለውን ብርቅ ማዕድን በካታሊስትነት አገቡበት። ሐምሌ 2 ቀን 1909 ባስፍ ከሚባለው ኩባንያ የመጡት ሰዎች እያዩ አሞንያው ጠብ ጠብ እያለ ወረደ።

ቀጥሎ ያለው ሥራ የካርል ቦሽና የአልዊን ሚታሽ ነበር። ኦስምየም በዓለም ላይ ጥቂት ብቻ ስለሚገኝ፤ ሚታሽ በሺህ የሚቆጠሩ ሙከራዎችን አድርጎ፤ በመጨረሻ ጥቂት የአሉሚኒየም ኦክሳይድና ፖታሽ የተቀላቀለበት ተራ ብረት እንደሚበቃ አገኘ። ቦሽ ደግሞ በግፊቱና በሃይድሮጅኑ እየተበላ የሚፈነዳውን የብረት ማብሰያ እንዴት እንደሚያጠነክር ብልሃት ፈለገ። በ1913 በኦፓው የመጀመሪያው ፋብሪካ ሥራ ጀመረ።

ተማሪዎች በፈተና ላይ በብዛት የሚሳሳቱበት ነጥብ እዚህ ላይ ይገኛል። ካታሊስት ሚዛኑን አይለውጥም። የፊቱንም የኋላውንም ጉዞ እኩል ስለሚያፋጥን፤ ቶሎ ያደርሳል እንጂ ከሚዛኑ ነጥብ አያሳልፍም። ጥቅሙ፤ ሙቀቱን ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ባለው መካከል ለማቆየት ማስቻሉ ነው። በዚህም ሁኔታ ጋዙ አንድ ጊዜ ሲያልፍ ወደ አሞንያ የሚለወጠው ከመቶው 15 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አሞንያውን አቀዝቅዘው ፈሳሽ አድርገው ያወጡታል፤ የቀረውን ጋዝ ደግሞ መልሰው ወደ ማብሰያው ይሰዱታል። የተገኘው በየጊዜው ሲነሣ፤ ሚዛኑ እንደ ገና ወደ ፊት ይሄዳል። በአንድ ጊዜ ሁሉን ከመፈለግ ጥቂት በጥቂት ደጋግሞ መሰብሰብ በለጠ ማለት ነው።

ሳይንስ ግን በሰው እጅ ያለ መሣሪያ ነው። በ1914 ጦርነት ሲነሣና የቺሌ ጨው ወደ ጀርመን እንዳይገባ የባሕር መንገድ ሲዘጋ፤ አሞንያው ወደ ናይትሪክ አሲድ እየተለወጠ ለፈንጂ ዋለ። ሀበርም ራሱ ሚያዝያ 22 ቀን 1915 በኢፕር የጦር ሜዳ የክሎሪን መርዝ ጋዝ የተለቀቀበትን ሥራ መራ። የ1918 የኖቤል ሽልማት ለአሞንያው ሲሰጠው ብዙዎች ተቃወሙ። በ1933 የናዚ መንግሥት የአይሁድ ዘር ያላቸውን ሲያሳድድ አገሩን ጥሎ ወጣ፤ በ1934 በባዝል ከተማ ሞተ። ይሁን እንጂ ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚኖረው በዚህ ዘዴ በተገኘ ማዳበሪያ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይገምታሉ።

የአሞንያ ትምህርት በፋብሪካው በር ላይ አያበቃም። ሀበር አሞንያውን ባሳየበት በ1909 ዓመት፤ ዴንማርካዊው ሶረን ሶረንሰን በኮፐንሃግን ፒ ኤች የሚባለውን የአሲድ መለኪያ አወጣ። በዚህ መለኪያ 7 የመካከለኛው ነጥብ ነው፤ ከዚያ በታች አሲድ፤ ከዚያ በላይ ቤዝ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ የዐሥር እጥፍ ልዩነት ስላለው፤ ፒ ኤች 5 የሆነ ነገር ፒ ኤች 7 ከሆነው መቶ እጥፍ ይበልጥ አሲድ ነው። አሞንያ ራሱ ቤዝ ነው፤ ከውሃ የሃይድሮጅንን ፕሮቶን ተቀብሎ አሞንየም ይሆናልና። ነገር ግን አሞንየም ያለበት ወይም እንደ ዩሪያ አሞንየም የሚወጣው ማዳበሪያ በማሳ ላይ ሲበተን፤ በአፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ በዚህም ጊዜ አሲድ ይወጣል። ቤዝ የነበረው ነገር መሬቱን ያኮመጥጣል ማለት ነው።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከመቶው 40 ያህሉ በአሲድ የተጎዳ እንደ ሆነ ይገመታል። ዋናው ምክንያት ዝናቡ ለብዙ ዘመን ካልሲየሙንና ሌላውን ማዕድን አጥቦ መውሰዱና ሰብሉም እየታጨደ ይዞት መሄዱ ነው፤ ማዳበሪያውም የራሱን ይጨምርበታል። በጎጃምና በወለጋ የሚያርስ ገበሬ ይህን በማሳው ላይ ያየዋል። ፒ ኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ያቀጭጨዋል፤ ፎስፎረሱም ተይዞ ይቀራል። መድኃኒቱ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው፤ እርሱ አሲዱን ተቀብሎ ያበርደዋል።

ሁለቱ ጥያቄዎች በማሳው ላይም ተመልሰው ይመጣሉ። በአንድ ሄክታር ምን ያህል ኖራ ይበቃል? የሚለው መሬቱ የት ላይ እንደሚረጋ የሚጠይቅ ነው፤ መልሱም የሚገኘው አፈሩን በመመርመር ነው። ኖራው ምን ያህል ይድቀቅ? የሚለው ግን የፍጥነት ጥያቄ ነው፤ ጓል የሆነ ኖራ ለአሲዱ የሚያሳየው ገጽ ጥቂት ስለ ሆነ ዓመታት ይፈጅበታል፤ እንደ ዱቄት የደቀቀው ግን ቶሎ ይሠራል። በልኩ ያልተሰጠ ኖራ ምንም ቢደቅቅ መሬቱን አያድነውም፤ በልኩ የተሰጠውም ካልደቀቀ ለዘንድሮው ሰብል አይደርስም። ይህን የለየ ተማሪ ለፈተናው ብቻ ሳይሆን ለአባቱም ማሳ መልስ ይዞ ይገባል።