ያውቁ ኖሯል? ጠርሙስ ይዞ መርከብ መሳፈር ሕግ አለው

በካርኒቫል ኩባንያ የመዝናኛ መርከቦች 21 ዓመት የሞላው ተጓዥ ይዞ መግባት የሚፈቀድለት አንድ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ወይን ወይም ሻምፓኝ ብቻ ነው፤ እሱም በመሳፈሪያው ቀን፣ በእጅ ሻንጣ። ውስኪና ቮድካ ፈጽሞ አይገቡም። ጂኑን ቀለም ቀብቶ በአፍ መጉመጥመጫ ጠርሙስ መደበቅ የቆየ ዘዴ ነው፤ ፈታሾቹም አሳምረው ያውቁታል! ኩባንያው በ2015 እ.ኤ.አ. በጠርሙስ የታሸገ ውሃን እንኳ እስከ መከልከል የደረሰው አንድም በዚሁ ምክንያት ነበር።

በወደብ ከተማ የገዙት ሩምስ? ሲመለሱ መርከቡ ተቀብሎ ያስቀምጥልዎታል፤ የሚረከቡት በጉዞው ማብቂያ ነው። የመርከቡ ቡና ቤት ገበያውን ለማንም አይለቅም። ያልተገደበ የሚመስለው የመጠጥ ጥቅልም ቢሆን በ24 ሰዓት ከ15 የአልኮል መጠጥ አያሳልፍም (ያም ቢሆን ጉበት ይቻለው!)።

ነገሩ ታሪክ አለው። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ በከለከለችበት ዘመን ጠጪዎች መድረሻ በሌለው የመርከብ ጉዞ ከአገሪቱ የባሕር ክልል ወጥተው ይጎነጩ ነበር። በ1923 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአሜሪካ መርከቦች ከክልሉ ውጭ መጠጥ መሸጥ እንደሚችሉ፣ የውጭ መርከቦች ግን የታሸገ መጠጥ እንኳ ይዘው ወደ አሜሪካ ውሃ መግባት እንደማይችሉ ወሰነ።

ዛሬ ደንቡ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል፤ ሻንጣዎን ከመዝጋትዎ በፊት የሚሳፈሩበትን መርከብ ደንብ ያንብቡ።