ያገለገለ መኪና በኢንተርኔት ስለ መሸጥ፤ የማስታወቂያው አጻጻፍ

ከንግድ ቤት ንብረቶች መካከል ብዙ ገንዘብ ከሚይዙት አንዱ ተሽከርካሪ ነው። ነጋዴው ያገለገለ መኪናውን ሸጦ ገንዘቡን ወደ ዕቃ ግዢ ሊያዞረው በሚፈልግበት ጊዜ፥ መኪናው ሳይሸጥ የሚቆምበት እያንዳንዱ ሳምንት የሥራ ማስኬጃውን ያሥርበታል። ቀድሞ ይህ ሥራ የደላላና የጋዜጣ ማስታወቂያ ድርሻ ነበር። ዛሬ ግን ብዙው ገዢ አስቀድሞ የሚመለከተው በቴሌግራም፥ በፌስቡክና በልዩ ልዩ የሽያጭ ድረ ገጾች የሚወጣውን ማስታወቂያ ነው።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ክብደት እንዲኖረው ያደረጉ ምክንያቶች አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አገልግለው ከውጭ በሚገቡ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተገለጸ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በዚህም የተነሣ በአገር ውስጥ ያለው መኪና ዋጋው ከፍ አለ፤ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ገዢም አጥብቆ የሚመረምር ሆነ።

የገዢው ጥርጣሬ ምን ጉዳት እንደሚያመጣ ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት አስረድቷል፤ ለምሳሌ የወሰደውም ይህንኑ ያገለገለ መኪና ገበያ ነበር። ሻጭ የመኪናውን ጉድለት ያውቃል፤ ገዢ ግን አያውቅም። ገዢው ደኅናውን ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚሰጠው ዋጋ መካከለኛ ይሆናል። በዚህ ዋጋ የብልሹው ባለቤት ያተርፋል፤ የደኅናው ባለቤት ግን ሳይስማማ ከገበያ ይወጣል። አከርሎፍ ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

እንግዲህ የማስታወቂያው ዋና ተግባር ደኅናውን መኪና ከብልሹው መለየት ነው። «እጅግ ንጹሕ»፥ «አንድ ብር የማያስወጣ»፥ «አዲስ ማለት ይቻላል» የሚሉት ቃላት ይህን አይፈጽሙም፤ የብልሹ መኪና ባለቤትም እነዚሁኑ ሊጽፋቸው ይችላልና። የሚለየው ገዢው መጥቶ በዓይኑ ሊያረጋግጠው የሚችለው ቃል ብቻ ነው። «ሞተሩ አስተማማኝ ነው» ከማለት ይልቅ «የሞተር ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር ነበር፤ የጋራዡ ደረሰኝ ይታያል» ማለት ይበልጣል።

በመጀመሪያው መስመር የመኪናው ዓይነት፥ የተሠራበት ዓመት፥ ካምቢዮው ማንዋል ወይም አውቶማቲክ መሆኑና የሚጠየቀው ዋጋ ይጻፋል። በዓመቱ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመኪና ሞዴል የሚቆጠረው በአውሮፓ አቈጣጠር ሲሆን የግዢ ሰነድ ብዙ ጊዜ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ይጻፋል። «2010» ብሎ ዝም ያለ ማስታወቂያ ገዢውን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ሊያሳስት ስለሚችል፥ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» መባል አለበት።

ቀጥሎ የሰነዱ ሁኔታ ይገለጻል፤ ብዙ ሽያጭ የሚፈርሰው በዚህ ነውና። ሊብሬው በሻጩ ስም መሆኑ ወይም ሻጩ በውክልና የሚሸጥ መሆኑ፥ ሰሌዳው የግል ወይም የንግድ መሆኑ፥ ቀረጡ የተከፈለ መሆኑ፥ መኪናው ከባንክ ዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑ፥ የዘመኑ ቦሎ መለጠፉ ሁሉ በግልጽ ይነገር። ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ከሆነ ቀረጡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ካልተነገረ፥ የውል ፊርማ በሚደረግበት ቀን ጠብ ይነሣል።

ሦስተኛው የአካሉ ሁኔታ ነው። ቆጣሪው የሚያሳየው ኪሎ ሜትር፥ የተቀየሩት ክፍሎች፥ የጎማዎቹ ዕድሜና ቀለም የተነካው ቦታ ይዘረዝራል። ጉድለትን መጻፍ ዋጋ የሚያስቀንስ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ጉድለቱን በጋራዥ ያገኘው ገዢ ያልተነገረው ሌላም ነገር እንዳለ ስለሚጠረጥር፥ ከጥገናው ወጪ በላይ ይቀንሳል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንደሚባለው ነው።

መኪናው የኤሌክትሪክ ከሆነ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ባትሪው ነው። የባትሪው ችሎታ በኪሎዋት ሰዓት፥ በምርመራ መሣሪያ የተነበበው የቀረው ጤንነት በመቶኛ፥ አንድ ጊዜ ተሞልቶ በእውነት የሚጓዘው ርቀት ይጻፍ። ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪናዎች የመሙያ ሶኬታቸው ከአውሮፓው ስለሚለይ፥ ዓይነቱ ይገለጽ፤ ቻርጀሩም አብሮ የሚሸጥ መሆኑ ይነገር።

ፎቶግራፍ በቀን ብርሃን፥ መኪናው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ይነሣ። ከአራቱም ማዕዘን፥ የውስጡ ወንበር፥ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ዳሽቦርዱ፥ ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ፥ ጎማዎቹና የተጫረው ቦታ ሳይቀር መታየት አለባቸው። የሊብሬውን ፎቶግራፍ ግን በአደባባይ ማውጣት አይገባም፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥር በአታላይ እጅ ሊገባ ስለሚችል፥ ሰነዱ ለሚመጣው ገዢ በአካል ቢታይ ይሻላል።

ዋጋን መደበቅ ደግሞ ጊዜን ያባክናል። «ዋጋ በስልክ» የሚለውን አንባቢው አልፎት ይሄዳል። በሌላ በኩል አንድ መኪና በልዩ ልዩ ደላሎች እጅ በሦስት ዋጋ ከወጣ ገዢው ዝቅተኛውን ይይዛል፤ ወይም ሁሉንም ይጠራጠራል። ስለዚህ ባለቤቱ ዋጋውን በአንድ ቃል ይወስን፤ ማስታወቂያውን የለጠፈበትን ቀን ይጻፍ፤ ሲሸጥም ወዲያውኑ ያንሣ።

ለምሳሌ ያህል የሚከተለውን መመልከት ይቻላል። «ቶዮታ ኮሮላ፥ እ.ኤ.አ. የ2007 ሞዴል፥ ማንዋል፥ ቤንዚን። ሊብሬው በባለቤቱ ስም፤ ቀረጡ የተከፈለ፤ ዕዳና እገዳ የለበትም። ቆጣሪው 186,000 ኪሎ ሜትር ያሳያል። ፍሪሲዮኑ ባለፈው ዓመት ተቀይሯል፤ ደረሰኝ አለ። የኋላ ግራ በር ቀለም ተነክቷል። ገዢው በመረጠው ጋራዥ ማስመርመር ይችላል።» ዋጋውና የስልክ ቁጥሩ ይከተላሉ። ከሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ብልሹ መኪና የያዘ ሰው ደፍሮ ሊጽፈው አይችልምና።

ከሕግም አንጻር እውነቱን መጻፍ ሻጩን ይጠብቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ የተሸጠው ዕቃ በውሉ መሠረት መሆኑንና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ሻጭ እንዲያረጋግጥ ያዛል። ሻጭ በተንኮል የሰወረው ጉድለት ቢገኝ «አልጠየቅም» የሚል ቃል በውሉ ውስጥ መግባቱ አያድነውም። አስቀድሞ የተነገረና ገዢው ዐውቆ የተቀበለው ጉድለት ግን ለክርክር ምክንያት አይሆንም። ስለዚህ የማስታወቂያውን ቅጂ ከውሉ ጋር ማስቀመጥ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ነው።

በገበያ ስሙ የሚታወቅ ነጋዴ ይህን ሁሉ የሚጽፈው አንዱን መኪና ለመሸጥ ብቻ አይደለም። ማስታወቂያውን ያነበበው ሰው መኪናውን ባይገዛም፥ ነገ ለሌላ ዕቃ ወደ ሱቁ ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜም ስለ መኪናው የጻፈው ቃል እውነት ሆኖ መገኘቱን ያስታውሳል።