የፈረስ ስም የወጣላቸው ባቡሮች

በሰሜን ዌልስ ዲኖርዊክ የሚባል የድንጋይ ካባ ነበር። ከዚያ የሚወጣው ድንጋይ ስሌት ይባላል፤ መሮ ሲያገኘው ገጽ በገጽ እየተላቀቀ የጣሪያ ክዳን ይሆናል። የካባው ባለቤት ሰር ቻርልስ አሸተን-ስሚዝ የፈረስ ፍቅር ያለባቸው ሰው ነበሩ። ክሎይስተር በ1893፣ ጄሪ ኤም በ1912፣ ከቨርትኮት በ1913 ግራንድ ናሽናል የተባለውን የእንግሊዝ ታላቅ የፈረስ ውድድር አሸንፈውላቸዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታዲያ እነዚህ ስሞች ከጋጣው ወጥተው ለካባው ባቡሮች ተሰጡ። በእኛ አገር የፈረሱ ስም ለጌታው ይወጣል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። ዲኖርዊክ ላይ ግን ፈረሱ ስሙን ያወረሰው ለብረት ነው።

ስሙም ያምርባቸዋል። ሊድስ ከተማ የሚገኘው የሀንስሌት ፋብሪካ የሠራቸው እነዚህ ባቡሮች አራት ጎማ ብቻ ነው ያላቸው፤ የውሃ ጋናቸው ውሃው በሚፈላበት ቦይለር ላይ ግራና ቀኝ እንደ ኮርቻ ተጭኗል። ክብደታቸው 6 ቶን ገደማ ነው። የድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ የእነዚህ 60 ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ብዙዎቹ ጣሪያ ስላልነበራቸው ነጂው ከፊቱ እሳት እየለበለበው፣ ከላይ የዌልስ ዝናብ እየወረደበት ይውል ነበር።

አሠራራቸውን ቀረብ ብሎ ላየው ያስደንቃል። የከሰሉ እሳት በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እያለፈ በዙሪያቸው ያለውን ውሃ ያፈላል። እንፋሎቱ ሲሊንደር ገብቶ ፒስተኑን ከገፋ በኋላ በጭስ ማውጫው ሽቅብ ይወረወራል፤ ሲወጣ ጭሱን አብሮ ይዞ ስለሚሄድ ከታች አዲስ አየር ወደ እሳቱ ይሳባል። ስለዚህ ባቡሯ ሸክም ሲከብዳት እሳቷ ራሱ ይበረታል፤ ወናፍ የሚነፋላት ሰው አያሻትም። ያ ሁላችንም የምናውቀው የባቡር ምት የዚህ ትንፋሽ ድምፅ ነው። ከዚህ የበለጠ ሕይወት ያለው የሚመስል ማሽን እኔ አላውቅም።

ካባው ተራራውን እንደ እርከን ደረጃ በደረጃ ቆርጦታል። ባቡሮቹ ዳገቱን በራሳቸው መውጣት ስለማይችሉ በገመድ እየተጎተቱ እርከናቸው ላይ ይወጡና እዚያው ይሠራሉ። አሊስ የምትባለው አውስትራሊያ በተሰኘው እርከን ላይ ተጥላ ቀርታ ዕቃዋ እየተፈታ ለእህቶቿ መጠገኛ ሆነ። ሆሊ ዋር ደግሞ እስከ ኅዳር 1967 ሠርታ በብሪታንያ የስሌት ካባ ውስጥ የሠራች የመጨረሻዋ የእንፋሎት ባቡር ሆነች። ዲኖርዊክ በ1969 ተዘጋ።

ከዚያ ወዲያ የሚጠብቃቸው ተቆራርጦ መቅለጥ ነበር። ያዳናቸው ትንሽነታቸው ይመስለኛል። መቶ ቶን የሚመዝን ባቡር የገዛ ሰው ሐዲድና ጣቢያም መፈለግ አለበት፤ የ6 ቶኗ ግን በአንድ የጭነት መኪና ተጭና ሄዳ ግቢ ውስጥ ልታድር ትችላለች። መንገዱን ቀድመው ያሳዩት ታሊሊን የተባለው የዌልስ ባቡር መስመር ሰዎች ናቸው። በ1951 በዓለም የመጀመሪያውን በበጎ ፈቃደኞች የተያዘ የባቡር መስመር ሲረከቡ መንቀሳቀስ የምትችለው ዶልጎኽ የተባለችው ባቡር ብቻ ነበረች። ከተዘጋው የኮሪስ መስመር ሁለት ባቡር ገዝተው ጨመሩ፤ ዋጋቸው እያንዳንዳቸው 25 ፓውንድ ነበር።

መግዛቱ ቀላሉ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ንጣፍ ያየ ሰው የቦይለርን ጠላት አይቷል። ንጣፉ ብረቱ ላይ ሲወፍር ሙቀቱ ወደ ውሃው ማለፍ ያቅተውና ብረቱ ይቃጠላል። ስለዚህ ቦይለሩ በየጊዜው ይታጠባል፤ በአሥር ዓመት አንዴ ገደማ ደግሞ ቱቦዎቹ ተነቅለው ውስጡ ይመረመራል። እሳት ከመለኮሱ በፊት የሚፈተነው በቀዝቃዛ ውሃ ግፊት ነው፤ ደካማ ቦታ ካለው ውሃው ያፈሳል እንጂ እንደ እንፋሎት አይፈነዳም።

በጥገናው ዕቃዋ አንድ በአንድ ከተለወጠ ያቺው ባቡር ናት ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ። እኔ ናት ባይ ነኝ። ካባ ውስጥ ሳለችም ዕቃዋ ሲለወጥ ነው የኖረችው። አሊስም ተጠግና ዛሬ ባላ ሐይቅ ዳር ትሄዳለች። እዚያው ያለችው ዊኒፍሬድ በ1885 ተሠርታ ፔንሪን በተባለው ካባ ስትሠራ ኖራ በ1965 ለአሜሪካ ተሸጠች። ኢንድያናፖሊስ ከርማ በ2012 ተመለሰች፤ በ2015 እሳቷ ዳግም ተለኮሰ።

አሁን ያለው ጭንቀት የከሰል ነው። ለእነዚህ ባቡሮች የሚስማማውን ከሰል ያወጣ የነበረው የዌልሱ የፎስ-ኧ-ቭራን ማዕድን በኅዳር 2023 ሥራ አቆመ። ጠባቂዎቻቸው ከውጭ በሚመጣ ከሰልና ተጨምቆ በተጋገረ ማገዶ መሥራት ጀምረዋል። ማገዶው ይወደዳል። ቢሆንም የ6 ቶኗ ባቡር የምትበላው የመቶ ቶኑን ያህል አይደለም፤ ትንሽነቷ እዚህም ላይ ይረዳታል።