ልጆቹን በላ የተባለው ዳይኖሰር

የሲሎፋይሲስ ስም በተነሳ ቁጥር ለብዙ ዓመታት አብሮ ሲነሳ የኖረው የገዛ ዘሩን መብላቱ ነበር። በመጻሕፍት ተጻፈ፣ በሙዚየም ተነገረ፣ የዳይኖሰሮች ጭካኔ ማሳያም ሆነ። ክሱ ሁሉ የቆመው ግን በሁለት አጽሞች ሆድ ውስጥ ታዩ በተባሉ ጥቂት ትንንሽ አጥንቶች ላይ ነው። አጥንቶቹ የማን እንደሆኑ ከመናገሬ በፊት ተከሳሹን ላስተዋውቃችሁ።

ሲሎፋይሲስ የኖረው ከ200 ሚሊዮን ዓመታት በላይ አስቀድሞ፣ ዛሬ የአሜሪካዋ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ባለችበት ምድር ነው። ያኔ ዳይኖሰሮች ገና አልገነኑም፤ በወንዞቹ ዳር የሚፈሩት የአዞ ዘመዶች ነበሩ። ርዝመቱ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ ሦስት ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ አብዛኛው ግን አንገትና ጅራት ስለሆነ ክብደቱ ከአንድ መካከለኛ ውሻ ብዙም አይበልጥም። በሁለት እግሩ የሚሮጥ ሥጋ በል ነው። የራስ ቅሉ ረጅምና ቀጭን፣ ዓይኖቹ ትልልቅ፣ ጥርሶቹ ወደ ኋላ የታጠፉና ስለታም ናቸው። በእጁ ላይ የሚሠሩት ጣቶች ሦስት ሲሆኑ፣ አራተኛዋ ቀጭጫ የቀረች ናት። የእግሮቹ አጥንቶች ውስጣቸው ክፍት ስለሆነ ሰውነቱ ይቀላል። ዶሮ ስንበልት ደረቷ ላይ የምናገኘው ባላ አጥንትም አለው፤ የወፎችና የዳይኖሰሮች ዝምድና ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ለመረዳት ይህችን አንዲት አጥንት ማየት በቂ ይመስለኛል።

የመጀመሪያዎቹን ስብርባሪዎች እ.ኤ.አ. በ1881 ያገኘው ዴቪድ ባልድዊን የተባለ ቅሪተ አካል ሰብሳቢ ነው፤ በ1889 ሲሎፋይሲስ ብሎ የሰየመው ደግሞ ኤድዋርድ ድሪንከር ኮፕ። የእንስሳው ሙሉ መልክ የታወቀው ግን በ1947 ነው። በዚያ ዓመት ኤድዊን ኮልበርት የሚመራው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቡድን ጎስት ራንች በተባለ ስፍራ እየፈለገ ሳለ፣ ከባልደረቦቹ አንዱ የሆነው ጆርጅ ዊታከር ከኮረብታ ሥር የተበተኑ የአጥንት ቁርጥራጮች አየ። ከየት እንደወረዱ ተከትለው ሲቆፍሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ አጽሞች ብቅ አሉ፤ ትንሹም ትልቁም ተደራርቦ፣ የአንዱ አንገት ከሌላው ጅራት ጋር ተጠላልፎ። እዚያው ሜዳ ላይ ለያይቶ ማውጣት የማይታሰብ ስለነበር ድንጋዩን በትልልቁ ቆርጠው፣ ጀሶ ውስጥ በተነከረ ጆንያ ጠቅልለው ጫኑት። ይህን ሁሉ መንጋ በአንድ ቦታ የቀበረው ደለል የተሸከመ ጎርፍ ነው ተብሎ ይታሰባል።

ክሱ የተወለደው ከዚህ ክምር ነው። ኮልበርት በሁለት ትልልቅ አጽሞች የጎን አጥንቶች መካከል ትንንሽ አጥንቶች አየ። ያልተወለዱ ሽሎች እንዳይላቸው ከሽል በጣም ይተልቃሉ። እንግዲያው ተበልተዋል አለ። አመክንዮው መጥፎ አልነበረም፤ የተበላው የራሱ የሲሎፋይሲስ ግልገል መሆኑን ግን አጥብቆ የመረመረ አልነበረም።

በ2006 ስተርሊንግ ኔስቢትና ባልደረቦቹ እነዚያኑ አጽሞች እንደገና አዩ። በአንደኛው ሆድ ውስጥ ያለው በእርግጥም የተበላ እንስሳ ነው። የጭን አጥንቱን ቅርጽ መርምረው፣ ከአጥንቱም በስሱ ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ግን የሲሎፋይሲስ አልነበረም፤ የአንድ ትንሽ የአዞ ዘመድ ነው። በሁለተኛው አጽም ያሉት ደግሞ ከመነሻውም ሆድ ውስጥ አልነበሩም፤ አብረው ተቀብረው የተጨፈለቁ ናቸው። አጽም በአጽም ላይ በተከመረበት ቦታ ይህ ከመጀመሪያው መጠርጠር ነበረበት።

የሚገርመው፣ ክሱ ሳይነሳለት ክብሩ አልቀረበትም። በ1981 የኒው ሜክሲኮ ግዛት መለያ ቅሪተ አካል ተባለ። በጥር 1998 ደግሞ አንድ የራስ ቅሉ ኢንዴቨር በተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ተሳፍሮ የሩሲያ የጠፈር ጣቢያ ሚር ድረስ ሄዶ ተመልሷል።

ክርክሩም ጨርሶ አልተዘጋም። በ2009 ሌሎች ተመራማሪዎች በአንድ አጽም አፍ አካባቢ ያገኟቸውን ስብርባሪዎች ትውከት ናቸው፣ ውስጣቸውም የሲሎፋይሲስ ግልገል አጥንት አለ ብለው አዲስ ማስረጃ አቅርበዋል። ዘሩን የሚበላ እንስሳ ዛሬም ብዙ ስለሆነ ነገሩ ሊሆን የማይችል አይደለም። እኔ ግን ከአፍ ዳር የተለቀመ ስብርባሪም እንደ ሆዱ አጥንቶች በማይክሮስኮፕ ተመርምሮ እስካላየሁ ድረስ ፍርዱን አልቀበልም።